የሞያሌው ሰውዬ

ሶዶ ከተማ ውስጥ ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። አንዱ ላይ የሚከራይ ቤት አለ፣ ሌላው ላይ የእንግሊዝኛ ትምህርት፤ የቀሩትን የያዙት ነቢያት ናቸው። ፎቶግራፉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጠበብ ያለ ሱፍ የለበሰ ወጣት፣ ባንድ እጁ ማይክ ይዞ ሌላውን እጁን ወደ መንገደኛው ዘርግቷል፤ ከጀርባው ነበልባል ይነዳል ወይም ንስር ይበራል። ከሥር «የመሻገር ምሽት»፣ «የእርግማን ማብቂያ ኮንፈረንስ» ይላል። ማዕረጉም በየዓመቱ ያድጋል። እኛ ልጆች ሳለን ትልቁ ሰው ወንጌላዊ ነበር። ቀጥሎ ፓስተር መጣ፣ ቀጥሎ ነቢይ፣ ቀጥሎ ሐዋርያ፤ አሁን ደግሞ ሜጀር ፕሮፌት የሚል አይቻለሁ። መከላከያ ውስጥ እንኳ ማዕረግ እንዲህ አይፈጥንም።

ነቢይ ለወላይታ አዲስ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሚሲዮናውያን ሶዶ ሳይደርሱ በፊት ኤሳ የሚባል ሰው ከጋሞ ተነስቶ አገር ላገር እየዞረ ያስተምር ነበር። ትምህርቱ አጭር ናት። ፈጣሪ ጦሳ አንድ ነው፤ ለሰይጣን መገበር ይቅር፤ እሑድ ሥራ አይሠራ፤ ጣታችሁን ማር ነክራችሁ ወደ ሰማይ እየረጫችሁ ለምኑት። ሰው ነቅሎ ተከተለው። ሕዝብ የሚከተለው ሰው ሲነሳ ሹማምንት እንቅልፍ ያጣሉና ኤሳም ታሰረ። እኔ ስለ ኤሳ በሰማሁትና ባነበብኩት ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ለኤሳ የሚከፈል ነገር። ማሩ እንኳ የሚረጨው ወደ ላይ ነው፤ ወደ ኤሳ እንስራ አይገባም።

ኤሳ ሌላ ሥራ የተሰጠው በኋላ ነው። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት በ1920 ዓ.ም. ሶዶ ገቡ፤ ወንጌሉ ሲሰፋ ኤሳም መንገድ ጠራጊ፣ የደቡብ መጥምቁ ዮሐንስ ሆኖ ይተረክ ጀመር። ሊሆን ይችላል። እንግዶቹ ባይመጡ ኖሮስ ኤሳ ምን ተብሎ ይተረክ ነበር? በጌዴኦም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ዋራሳ ዋንጌ የተባለ ሰው ሁለት ነጫጭ ሰዎች ዛፍ ሥር ድንኳን ሲተክሉ በራእይ አየ፤ ከዓመታት በኋላ በ1941 ዓ.ም. ሁለት ሚሲዮናውያን ዲላ አጠገብ መጥተው ልክ እንዳየው አደረጉ ይባላል። ታሪኩን በዓለም ያሰራጨው ዶን ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕቃው ግቢ ከገባ በኋላ የተቆረጠ ደረሰኝ ሲመጣልኝ ሌባ ነህ አልልም፤ ቀኑን ግን በቀይ እስክሪብቶ አከብበዋለሁ። የዋራሳ ዋንጌም ራእይ በእኔ መዝገብ ውስጥ በቀይ የተከበበ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣው የአክስቴ በሬ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ እኔንም ያሳደገችኝ እሷ ናት። የምትኖረው ዱጉና ፋንጎ ውስጥ፣ ከቢጠና ወጣ ብሎ ነው። እንሰት አላት፣ ቦሎቄ ትዘራለች፤ ከሁሉም በላይ አንድ በሬ አላት። እኛ አገር ጎረቤት ተሰባስቦ ዓመቱን ሙሉ እየቆጠበ ነው ለጊፋታና ለመስቀል በሬ የሚገዛው። ለብቻዋ በሬ ያደለበች ሴት ቀላል ሰው አይደለችም። ታዲያ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ የአጎቴ ልጅ ደወለና «ኧረ ድረስ፣ በሬውን ዘር አድርጋ ለነቢዩ ልትሰጥ ነው» አለኝ። ቢጠና ላይ ኮንፈረንስ ተዘጋጅቷል፤ በመጀመሪያው ምሽት ነቢዩ «በቤትሽ ካለው ትልቁን አምጪ» ብሏታል፤ እሷም አሜን ብላለች። ቤተሰቡ በስልክ ተመካከረ። ደግ ልጅ ነው፣ ቃል ያውቃል፣ ደግሞም አላገባም፣ ጊዜ አለው ተብሎ የተላከው እኔ ነኝ።

ቢጠና የደረስኩት ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ እግሬ ሥር የነበረችው ዶሮ መንገዱን ሙሉ ጫማዬን ስትነካካ ስለዋለች ስወርድ ቁጣ ቁጣ ይለኝ ነበር። ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ነው አሉኝ። እስከዚያ ብዬ አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይና ቦምቦሊኖ አዝዤ ቁጭ ከማለቴ አንድ ፀጉሩን ተስተካክሎ የተቀባ ወጣት «ይቻላል ጋሼ?» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ትሑት ልጅ ነው። የሻዬን ሒሳብ ሊከፍል ሁሉ ተነሳ። ከሸሚዙ ኪስ ሰማያዊ የባጅ ክር ብቅ ብላለች፤ ባጁ ግን ወደ ውስጥ ተደብቋል።

«ጋሼ እንግዳ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ከየት ነው የመጡት?»

የማላውቀው ሰው ከመጠን በላይ ሲጠይቀኝ የሌላ ሰው ኑሮ መስጠት የቆየ ልማዴ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ መምህርም፣ የእንስሳት ሐኪምም ሆኜ አውቃለሁ። በዚያ ላይ የአክስቴ ዘመድ መሆኔ ቢታወቅ በሬ ላስጥል መምጣቴ ወዲያው ነው የሚደርሳቸው። «ከሞያሌ» አልኩት። ለምን ሞያሌ እንዳልኩ እንጃ፤ ሩቅ ስለሆነ ይሆናል።

«ውይ፣ ሩቅ ነው። በሥራ ነው?»

«ጉምሩክ ነኝ።»

ዓይኑ በራ። «ቤተሰብም እዚያው ነው?»

«ባለቤቴ ትንሽ አሟታል። ወገቧን።»

«ጌታ ይማራት። ስምዎን ማን ልበል?»

«ታደሰ።»

እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ተሰናብቶኝ ወጣ። ይህን የመሰለ ጨዋ ልጅ ያሳደገች እናት ትባረክ ብዬ ሁለተኛ ቦምቦሊኖ አዘዝኩ።

ድንኳኑ ከገበያው ጀርባ ሜዳ ላይ ተተክሏል። ጀነሬተሩ ያጓራል፣ ፕላስቲክ ወንበሩ እስከ አጥሩ ተደርድሯል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። አክስቴን ከሩቅ አየኋት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። ወደሷ ልሻገር ስል አስተናጋጁ ክንዴን ይዞ «ለእርስዎ ከፊት ቦታ ተይዟል» አለኝ። እኔ የመሰለኝ ለሸሚዜ ክብር ነው።

ነቢዩ የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ ወደ ወላይትኛ የሚያስተረጉምለት ሰው ከጎኑ ይሮጣል። አስተርጓሚው ከነቢዩ ይልቅ ይጮኻል፣ ከነቢዩ ይልቅ ያልበዋል፤ ነቢዩ አንድ ቃል ሲል እሱ ሦስት ይላል። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉ ተጀመረ። «እዚህ መሀል ወገቡን የሚያመው ሰው አለ!» ተባለ። ዕድሜውን ሙሉ ሲቆፍርና ሲሸከም የኖረ ገበሬ የሞላበት ድንኳን ነው፤ ግማሹ ሰው ተነሳ። «ዕዳ ያስጨነቀው አለ!» ቀሪው ግማሽ ተነሳ። «ልጁ ሩቅ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋበት አለ!» ሲባል ግን ከሴቶቹ በኩል ልቅሶ መጣ፤ ያኔ ፈገግታዬ ጠፋ።

ከዚያ ነቢዩ ዝም አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ኪቦርዱ ቀጠን ያለ ድምፅ ይዞ ይከተለዋል። «ታደሰ» አለ ቀስ ብሎ። «ታደሰ የሚባል ሰው እዚህ አለ ይለኛል።»

ታደሰ ብርቅ ስም ነው እንዴ? አምስት ያህል ታደሰዎች እጃቸውን አንስተው ተነሱ። ነቢዩ ትንሽ ተናደደ መሰለኝ። «ከሩቅ የመጣው ታደሰ!» አለ። አራቱ እያዘኑ ተቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ ግን እኔም ከሩቅ ነኝ ብለው ቆመው ቀሩ፤ ዘመዶቻቸው ናቸው ጎትተው ያስቀመጧቸው። «ኬላ ይታየኛል… ጠረፍ ይታየኛል… መኪናዎች ሲፈተሹ ይታየኛል… ሞያሌ! ሞያሌ የሚል ድምፅ ይመጣልኛል!» ጣቱ እኔ ላይ አረፈ። ሁለት አስተናጋጆች ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ስለ ሚስቴ ወገብ ተነገረኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ትድናለች። የሥራ ባልደረቦቼ በምቀኝነት ያሰሩብኝ ነገር ተፈታ። ዕድገት አለኝ። ከዚያ ማይኩ አፌ ላይ መጣ። «ወንድሜ፣ እውነት ነው ውሸት ነው? ለሕዝቡ ተናገር!»

ምን ልበል? «ልክ እንደ ነገርኳችሁ ነው» አልኩ።

አስተርጓሚው «ልክ ነው አለ!» ብሎ ጮኸ። ድንኳኑ ተናጋ። ሰው ተንበረከከ። ዘወር ብዬ ሳይ ያ ጨዋ ልጅ መድረኩ ጥግ ላይ ባጁን አውጥቶ አንገቱ ላይ አድርጎታል፤ እጁን ዘርግቶ ከልቡ ያለቅሳል። በእውነት ነው የሚያለቅሰው። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኸው ነው፤ ወሬውን ያቀበለው ራሱ ሆኖ ተአምሩን አምኖታል።

በዚህ ሥራ አሜሪካኖች ብዙ ይደክማሉ። ፒተር ፖፖፍ የሚባል የቴሌቪዥን ሰባኪ የማያውቃቸውን ሰዎች በስማቸው እየጠራ በሽታቸውንና የቤት አድራሻቸውን ሁሉ ይነግራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ራንዲ የተባለ የምትሃት ባለሙያ ከረዳቶቹ ጋር የሬዲዮ መጥለፊያ ይዞ ገባና በ39.17 ሜጋኸርዝ የሰባኪውን ሚስት ድምፅ አገኘ። ምእመናን በር ላይ ከሞሉት የጸሎት ካርድ እያነበበች ጆሮው ውስጥ በተሸጎጠች መስሚያ ታቀብለዋለች። ቅጂው በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ሰውየውም በዓመቱ ከሰርኩ ብሎ ፍርድ ቤት አመለከተ። አበቃለት የሚል ሰው የሰውን ልጅ አያውቅም፤ ፖፖፍ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የተአምር የምንጭ ውሃ የሚያድል ሆነ። ቢጠና ላይ ግን ሬዲዮ ምን ያደርጋል? አንድ ትሑት ልጅና አንድ ብርጭቆ ሻይ ይበቃል።

ጉባኤው ሲበተን መከራዬ ጀመረ። የጉምሩክ ሰው በእግሩ ቢጠና ድረስ መጥቶ፣ በዚያ ላይ ዕድገት ተተንብዮለት፣ እንዲሁ የሚለቀው ማን አለ? አንዱ ሰነዱ ያልተሟላ ሞተር ሳይክል አለኝ አለ። አንዱ ያገለገለ ልብስ በቦንዳ ስለማስገባት መከረኝ፤ ድርሻዬን ሳይቀር ቆርጦ ነገረኝ። የመጨረሻው ሚኒባስ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ረዳቱ ጎትተው ካወረዱኝ ሰዎች ጋር ተስማምቶ በሩን ዘጋው። «ሰዎች፣ እኔ ሞያሌን በዓይኔ አይቼው አላውቅም» ስል ሳቁ። ባለሥልጣን እንዲህ ነው፣ ይደብቃል አሉ።

ከዚያ አንዲት እናት መጣች። ሌሎቹ ገለል አሉላት። ከመቀነቷ ፌስታል ፈታች፤ ከፌስታሉ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶግራፍ አወጣች። የትምህርት ቤት መታወቂያ ፎቶ ነው፤ ማኅተሙ ግንባሩ ላይ ግማሽ ክብ ሠርቷል። ልጇ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጥቶ ነበር። ኬንያ ገባሁ ብሎ ደውሏል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም። «በአንተ በኩል ሳያልፍ አይቀርም» አለችኝ። እኔ ከሞያሌ አይደለሁም፣ የሶዶ ሰው ነኝ፣ የተናገርኩት ለቀልድ ነው አልኳት። በወላይትኛ ደግሜ ነገርኳት። አላመነችኝም። እግዚአብሔር በነቢዩ አፍ የገለጠውን እኔ በምን አቅሜ እክዳለሁ? ፎቶግራፉን በስልኬ እንዳነሳው አደረገች። አነሳሁት።

ስለዚህ መንገድ ትንሽ ልበል። ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከወላይታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ልጅ ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ድህነቱና የመሬቱ ጥበት አለ፣ ሄደው የተለወጡም አሉ። ነገር ግን የሐዲያን ስደት ያጠናው ደረጀ ፈይሳ የጻፈው ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሆሳዕና ላይ በተደረገ ትልቅ ጉባኤ ከካናዳ የመጣ ሰባኪ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ወደ ደቡብ መንገድ እንደሚከፍት ተናገረ፤ ቃሉ አገር ምድሩን አዳረሰ፤ ሰው በሬውንና መሬቱን ሸጦ ወጣ። መንገዱ ተከፈተ የሚሉ ዛሬም አሉ፤ በተላከው ገንዘብ የተሠራውን ፎቅ ያሳዩሃል። መንገዱ ላይ ግን መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል። ታኅሣሥ 2015 ዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኝቷል፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። የደረሰው ሰው ምስክርነት ይሰጣል፣ ማይክ ይቀበላል። ያልደረሰው ምን ብሎ፣ በየትኛው ማይክ ይመሰክራል? ትንቢት ሁልጊዜ የሚሳካ የሚመስለኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ማታ አክስቴ ቤት አደርኩ። ሙቹዋ ቀረበ፣ ዳጣው ዓይን ያስነባል። ቡና ሲፈላ ጎረቤቷ ሽማግሌ መጡ። የቃለ ሕይወት ሰው ናቸው፤ አባታቸው ከጥንቶቹ ወንጌላውያን አንዱ እንደነበሩ ነገሩኝ። እኒያ ወንጌላውያን የሚገርም ታሪክ ነው ያላቸው። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሚያዝያ 1929 ከሶዶ ሲያስወጣ በወላይታ የተጠመቀው ሰው 48 ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 አማኝ ጠበቃቸው። ግምቱ የራሳቸው ነውና አሥሩን ሺህ እኔ ልማል አልችልም፤ ግማሹን ብንጥለው እንኳ ጉድ ነው። ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎች በጣሊያኖች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ከዚያ በኋላ ነው የወላይታ ገበሬ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማ፣ ወደ ከፋ የወጣው። ፖል ባሊስኪ ስለነሱ አንድ ደህና መጽሐፍ ጽፏል። ሄደው እዚያው ይኖራሉ፣ ቋንቋ ይለምዳሉ፣ ልጆቻቸው ከዚያ አገር ልጆች ጋር ይጣላሉ።

ሽማግሌው የኔን ጉድ ሰምተዋል። አልሳቁም። «ነቢዩ የት ነው ያደረው?» አሉኝ።

«ሶዶ ሆቴል ይዘዋል አሉ። ነገ ይመለሳሉ፤ ከነገ ወዲያ ሌላ ከተማ ነው።»

«አባቴን ጋሞ ሲሄድ ይሄን ነው የጠየቁት» አሉ። «ያመጣኸው ቃል ጥሩ ነው፤ ግን የት ነው የምታድረው አሉት። ጎጆ ሠርቶ አሳያቸው። አንድ ክረምት አዩት። ሚስቱን ሲቆጣ ሰሙት፣ ሲበደር አዩት፣ ሲመልስ አዩት። ሁለተኛው ክረምት ላይ ነው መስማት የጀመሩት።» ቡናቸውን ፉት አሉና «ይኼኛው ሁለተኛ ክረምት የለውም» አሉ።

ከማነባቸው ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል መመዘኛ አላገኘሁም። ነቢይ በገዛ አገሩ አይከበርም ሲባል ጥፋቱን ሁሌ ለአገሩ ሰው እንሰጠዋለን፤ ጎረቤት ምቀኛ ነው፣ ዓይኑ ለምዶታል እንላለን። ጎረቤት ግን መዝገብ ያዥ ነው። አምና ምን እንዳልክ ያስታውሳል። ኦሪት ዘዳግምም ምዕራፍ 18 ላይ የሚያዘው ጠብቆ ማየት ነው፤ የተናገረው ካልሆነ አትፍሩት ይላል መንፈሱ። ጠብቆ ለማየት ደግሞ ሁለቱም ወገን አንድ ቦታ መገኘት አለባቸው። የዛሬው ነቢይ መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ነው የሚያስተምረው። አንዳንዱም ምናለ በሄደ ያሰኛል፤ ሐምሌ 2010 ኦሮሚያ ውስጥ ገሊላ በምትባል ከተማ አንዱ እንደ አልዓዛር አስነሳዋለሁ ብሎ መቃብር አስቆፍሮ አስከሬኑ ላይ ተኝቶ ሲጣራ ዋለ። ሟቹ አልተነሳም፤ ነቢዩን ከቤተሰቡ ዱላ ያስጣለው ፖሊስ ነው። ሞኝ ነበር ማለት ነው፤ ውጤቱ እዚያው የሚታይ ነገር ተነበየ። የበሰሉት እንዲህ አያደርጉም። በ2012 ዓ.ም. የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ቁጥር 1208 ሲቋቋም እንዲህ ያለውን አደብ ያስገዛል ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩ፤ ካውንስሉ አዲስ አበባ ነው፣ በሬው ቢጠና።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ አክስቴን ያዝኳት። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። እኔን አሳድጋኛለች፤ ታደሰ እንዳልሆንኩ ታውቃለች፤ ሚስት እንደሌለኝ ታውቃለች፣ እንዲያውም በየስልኩ የምትጨቀጭቀኝ በዚሁ ነው። ሻይ ቤቱን፣ ልጁን፣ የባጁን ክር ሁሉ ተረክሁላት። አክስቴ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያ ፊቷ ቀስ ብሎ በራ።

«ሚስት ልታገባ ነው ማለት ነዋ!» አለች።

«እንዴት?»

«ነቢይ ያለውን ብቻ ነው እንዴ የሚያየው? የሚመጣውንም ያያል። ሞያሌ ትዛወራለህ፣ ታገባለህ፤ ልጅቷ ወገቧን ያማታል፣ ትድናለች። አንተ የቀለድክ መስሎህ ነው እንጂ ያንን ቃል አፍህ ላይ ያስቀመጠው ማነው?»

«ስሜስ? ታደሰ?»

«ሕይወትህ ይታደሳላ!»

እ.ኤ.አ. በ1954 ቺካጎ አጠገብ ዶሮቲ ማርቲን የተባለች ሴት ታኅሣሥ 21 ቀን አገሩ በጎርፍ እንደሚጠፋ፣ እሷንና ተከታዮቿን ግን በራሪ ሳህን መጥታ እንደምትወስዳቸው ተናግራ ነበር። ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ አማኝ መስለው አብረዋቸው ተቀምጠው ጠበቁ። ሌሊቱ አለፈ፤ ሳህኗም ጎርፉም ቀሩ። ሊነጋ ሲል ሴትዮዋ ሌላ መልእክት ደረሰኝ አለች፤ ይህች ትንሽ ቡድን ብርሃን ስላበዛች ዓለም ተርፋለች። ከዚያ በፊት ጋዜጠኛ የሚሸሹት ሰዎች ከዚያ ሌሊት በኋላ ራሳቸው ጋዜጠኛ ይደውሉ ጀመር። ፌስቲንገር ከዚህ ተነስቶ በዓለም የታወቀ መጽሐፍ ጻፈ። አክስቴን ቢያገኛት ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ አያስፈልገውም ነበር፤ ቡናው ሳይበርድ ነው የጨረሰችው።

አንድ ነገር ግን ፌስቲንገርም አልነገረኝም። አክስቴ ሞኝ አይደለችም። ጠዋት ላይ ያ ጨዋ ልጅ ከሌላ ልጅ ጋር ገመድ ይዞ መጣ። በሬውን ሊወስድ ነው። እኔን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን ስፍቅ ሲያየኝ ደነገጠ፣ ወዲያው ግን «ጋሼ ታደሰ፣ የእማማ እንግዳ ነዎት?» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። አክስቴ ወጣች። በሬው ግቢ ጥግ ላይ ቆሞ የእንሰት ቅጠል ያመነዥካል።

«የኔ ልጅ» አለችው፣ «ይሄ ታደሰ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ነው፤ የሚሠራውም ሶዶ ነው።»

ልጁ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየ።

«ነቢዩ ዋሸ አላልኩም» ቀጠለች። «ሞያሌ አለ፣ ይሆናል። ሚስት አለ፣ ይሆናል። እኔ አምኛለሁ። በሬውም የጌታ ነው። ልጄ ሞያሌ ተዛውሮ፣ አግብቶ፣ የሚስቱ ወገብ የዳነለት ቀን መጥታችሁ ትወስዱታላችሁ። እስከዚያ እኔ እቀልበዋለሁ።»

«እናቴ፣ ዘር እኮ ቀድሞ ነው የሚዘራው» አለ ልጁ።

«እኔን እርሻ ልታስተምረኝ ነው?» አለችው።

ቁርስ ሳይበላ እንዳይሄድ ግድ ብላ ቆጮ አቀረበችለት፤ በላ። ሲወጣ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ እሷ ሰጠችው። በየወሩ መጨረሻ ይደውላል። ድምፁ ያው እንደ ሻይ ቤቱ ትሑት ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል፤ እጮኛ ያዝኩ እንደሆነም ዳር ዳር ይላል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና «ጋሼ፣ ያ የሞያሌው ዝውውር ነገር ምን ደረሰ?» ይለኛል።